ስለ ረቂቅ ቀዳዳዎችና ስለሚማረው ኮምፒዩተር

ቀዳዳ ያለበትን ነገር ሁሉ እንደ ጎደሎ መቁጠር ልማዳችን ነው። ነገር ግን እንጀራ ያለ ዓይኑ እንጀራ አይባልም፤ እንስራም ካልወዛ ውሃውን አያቀዘቅዝም። በሸክላው ቀዳዳዎች በኩል ጥቂት ውሃ ወደ ውጭ ወጥቶ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እኔ ለማስረዳት የምሞክረው ግን ከሸክላ እጅግ የረቀቀ ቀዳዳ ስላላቸው ነገሮች ነው።

በ1756 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ክሮንስቴት የተባለ የስዊድን ሊቅ አንድ ድንጋይ ቢያግል ውሃ ወጥቶት ሲፈላ አየና ዚዮላይት ብሎ ሰየመው፤ በግሪክ ቋንቋ የሚፈላ ድንጋይ ማለት ነው። ይህ ድንጋይ በባዛልት ጉድጓዶች ውስጥ ይገኛል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ መሬት አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት የተነጠፈ ስለ ሆነ፣ በተሰበረ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ነጭ ፍሬ የምታዩ ልብ በሉት፤ ዚዮላይት ወይም ካልሳይት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት ቀዳዳውን ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። ሪቻርድ ሮብሰን፣ ሱሱሙ ኪታጋዋና ኦማር ያጊ የብረታ ብረት አቶሞችን ከካርቦን ውሑዶች ጋር እንደ ቤት ማገር በማዋቀራቸው በ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ያጊ በ1999 ያቀረበው ሞፍ 5 የተባለው ነገር በአንድ ግራም ብቻ 2900 ካሬ ሜትር ያህል የውስጥ ገጽ አለው፤ ይኸውም ከአንድ ጥማድ መሬት አያንስም!

የያጊ ቡድን በ2018 በአሪዞና በረሃ ከአየር ውሃ ሰብስቧል። ያገኙት በአንድ ቀንና ሌሊት ከአንድ ኪሎ ሞፍ 100 ግራም ውሃ ነው። እንግዲህ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በየቀኑ ለመሙላት 200 ኪሎ ሊያስፈልግ ነው። በበጋ ወራት ውሃ ቀድተው ዘግይተው ክፍል የሚገቡትን እህቶቻችንን ለምናይ ይህ ገና አይጠቅመንም፤ የተሻለ ቀዳዳ መፈለግ አለበት።

ሁሉን ዓይነት በላቦራቶሪ ሠርቶ ለመፈተን ዕድሜ አይበቃም፤ በኮምፒዩተር መሞከር ይቀላል። ዳሩ ግን በኳንተም ሕግ ሲሰላ አቶሞቹ 10 እጥፍ ቢበዙ ድካሙ 1000 እጥፍ ያህል ይበዛል። ደግሞም የሞለኪዩሎችን እንቅስቃሴ በፌምቶ ሴኮንድ እርምጃ ስንከተል፣ የሴኮንድን ቢሊዮንኛ ለማየት ብቻ አንድ ሚሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል።

በ2007 ዮርግ ቤለርና ሚኬሌ ፓሪኔሎ መላ አመጡ። ከባዱ ስሌት በጥቂት ናሙናዎች ላይ ይሠራል፤ ከዚያ ኮምፒዩተሩ የእያንዳንዱን አቶም ጎረቤቶች እያየ ኃይሉን መገመት ይማራል። ማሽን ለርኒንግ የሚሉት ይህ ነው። አቶሞቹ 10 እጥፍ ሲሆኑ ድካሙም 10 እጥፍ ያህል ብቻ ይሆናል።

ሆኖም የተማረውን እንጂ ያልተማረውን አያውቅም። ደረቅ ቀዳዳ ብቻ ያየ ኮምፒዩተር ውሃ ሲገባበት ይሳሳታል፤ ያለፈውን ዓመት ፈተና ብቻ ሸምድዶ እንደ መጣ ተማሪ (ማንነቱን አልናገርም)። ስለዚህ ርጥቡንም ማሳየት፣ መልሱንም በሚዛን ማረጋገጥ ግድ ነው።

ሚዛኑን እኛም እንችለዋለን። የእንስራ ስባሪ በፀሐይ አድርቃችሁ መዝኑ፤ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ፣ ላዩን ጠርጋችሁ እንደገና መዝኑ። 200 ግራም የነበረው 224 ቢሆን፣ ሸክላው ከክብደቱ 12 በመቶ ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው።