ከማስተላለፍ በፊት መመርመር፦ የጋዜጠኞች ሥራና ስምንተኛው ትእዛዝ



ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 1963 «ኢንተር ሚሪፊካ» የተሰኘውን ድንጋጌ ሲያወጣ፣ በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች ሥር ያሰባቸው በተለይ ጋዜጣን፣ ሬዲዮን፣ ቴሌቪዥንንና ሲኒማን ነበር። በዚያ ዘመን ዜና የሚያሰራጩ ጥቂቶች፣ የሚቀበሉ ግን ብዙዎች ነበሩ። ዛሬ ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ያለው ስልክ የያዘ ሁሉ ተቀባይም አሰራጭም ሆኗል። ስለዚህ ቀድሞ በአብዛኛው የጋዜጠኛ የነበረው ኃላፊነት በእያንዳንዳችን ትከሻ ላይ ወድቋል። ጋዜጠኞች በማኅበራዊ ሚዲያ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያሳዩ ሦስት ታሪኮችን ተመልክተን፣ ለእኛ የሚሆነውን ትምህርት እንወስዳለን።

1. አውቆ መናገር

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2013 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ ስለ አዳዲስ ቅዱሳን አዋጅ ካርዲናሎችን ሰብስበው ነበር። በስብሰባው መጨረሻ ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ በላቲን ቋንቋ ተናገሩ። አንሳ የተባለው የጣሊያን የዜና ወኪል ጋዜጠኛ ጆቫና ኪሪ በጋዜጠኞች ክፍል ሆና በቴሌቪዥን ትከታተል ነበር። ላቲን ታውቅ ስለ ነበር ቃሉን ተረዳች፤ ያም ሆኖ ማረጋገጫ ለማግኘት ወደ ቫቲካን ቃል አቀባይ ስልክ ደወለች። ዜናው በሮም ሰዓት ከረፋዱ 5፡46 በአንሳ በኩል ለዓለም ተሰማ፤ እርሷም በትዊተር ገጿ በአጭሩ ጻፈችው። መልእክቱ ጥቂት ቃላት ብቻ ቢሆንም ከበስተ ጀርባው የብዙ ዓመት ዕውቀት ነበረ።

2. የጥድፊያ ጉዳት

በዚያው ዓመት ኤፕሪል 15 ቀን በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በሩጫ ውድድር ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ፖሊስ የተጠርጣሪዎችን ፎቶግራፍ ባወጣ ጊዜ፣ በሬዲትና በትዊተር የሚጻጻፉ ሰዎች ከፍንዳታው በፊት የጠፋን አንድ ተማሪ «እርሱ ነው» አሉ። አንዳንድ ጋዜጠኞችም ሳይመረምሩ ወሬውን አስተላለፉ። ልጃቸውን ሲፈልጉ በነበሩት ወላጆች ላይ የስድብ መልእክት ጎረፈባቸው። በማግስቱ እውነተኞቹ ተጠርጣሪዎች ታወቁ፤ ተማሪው ንጹሕ ነበር። ከቀናት በኋላ አስከሬኑ ከወንዝ ተገኘ። ሬዲት ይቅርታ ጠየቀ፤ የቤተሰቡ ሐዘን ግን በይቅርታ የሚመለስ አልነበረም። አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ያሉት እንዲህ ያለውን ነገር ያስታውሰናል።

3. የትዕግሥት ፍሬ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ። የካሜሩን መንግሥት በመጀመሪያ «ሐሰት ነው» አለ። የቢቢሲ አፍሪካ ዓይን ጋዜጠኞች ግን ከሌሎች መርማሪዎች ጋር ሆነው በቪዲዮው የሚታየውን የተራራ ሰንሰለት ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩ። ቦታው በሰሜናዊ ካሜሩን ዜሌቬት ከተባለች መንደር አጠገብ መሆኑን አገኙ። በቤቶቹ ሁኔታና በወታደሮቹ ጥላ አማካይነት ጊዜውን በ2015 ከማርች 20 እስከ ኤፕሪል 5 ድረስ ወሰኑት። እ.ኤ.አ. በ2020 የጦር ፍርድ ቤት በአራት ወታደሮች ላይ የ10 ዓመት እስራት ፈረደ። ለእነዚህ ጋዜጠኞች ቪዲዮው የጥያቄ መጀመሪያ እንጂ መልስ አልነበረም።

4. ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2477 የሰውን ስም የሚጎዱ ሦስት ኃጢአቶችን ይለያል። የመጀመሪያው ያለ በቂ ማስረጃ በባልንጀራ ላይ በችኮላ መፍረድ ነው። ሁለተኛው እውነት ቢሆንም እንኳ ያለ በቂ ምክንያት የሰውን ነውር ለማያውቁት መግለጥ ነው። ሦስተኛው በሐሰት ስም ማጥፋት ነው። በቦስተን የተፈጸመው ያለ ማስረጃ የተሰጠ የችኮላ ፍርድ ነበር።

ሁለተኛውን በተለይ ልናስተውለው ይገባል። «እውነት ስለ ሆነ ነው ያስተላለፍኩት» የሚለው ምክንያት ሁልጊዜ ነጻ አያወጣንም። የካሜሩኑን ግድያ መግለጥ የተገደሉት ፍትሕ እንዲያገኙ ያስፈልግ ነበር። የጎረቤትን የቤት ገመና በቴሌግራም ማዳረስ ግን ለማንም ፍትሕ አያመጣም። ደግሞም ቁጥር 2487 በእውነት ላይ የበደለ ያደረሰውን ጉዳት የመካስ ግዴታ እንዳለበት ያስተምራል። ስለዚህ የተሳሳተ መልእክት ያስተላለፈ ሰው በዝምታ ማጥፋቱ አይበቃውም፤ መልእክቱ ለደረሳቸው ሰዎች ማረሚያውን ሊልክ ይገባል።

እንግዲህ አንድ መልእክት ሲደርሰን ከማስተላለፋችን በፊት አራት ነገሮችን እንጠይቅ፦ ይህን ያየ ወይም የሰማ ማን ነው? ምስሉ የተነሣው የት እና መቼ ነው? ከዚህ ምንጭ ያልቀዳ ሌላ ምስክር አለ? እውነት ከሆነስ መናገሬ ማንን ይጠቅማል?

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

ሀ. በቁምስናችን ሳይመረመር የተሰራጨ ወሬ በሰው ላይ ጉዳት አድርሶ ያውቃልን? የተጎዳውን ሰው ስም ሳናነሣ እንወያይ።

ለ. እውነትን መግለጥ ግዴታ የሚሆነው፣ ዝም ማለትስ ፍቅር የሚሆነው መቼ ነው?

ሐ. ለወጣቶች ስምንተኛውን ትእዛዝ ስናስተምር የእጅ ስልክን እንዴት ምሳሌ እናድርገው?