በጆሮ የነበረውን ዜማ ስለ መጻፍ፤ የዮአኪም ስቱቼቭስኪ ታሪክ

ዮአኪም ስቱቼቭስኪ የተባለው የቼሎ ተጫዋችና የዜማ ደራሲ በ1891 ዓ.ም. ሮምኒ በምትባል ከተማ ከአይሁድ ወገን ተወለደ። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ በዩክሬን ትገኛለች። (በዚህ ትምህርት የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ቤተ ሰቦቹ በሙያቸው ክሌዝሜር ነበሩ። ይህ ስም ከዕብራይስጥ የመጣ ነው፤ «ክሊ» ማለት ዕቃ፥ «ዜሜር» ማለት ዜማ ሲሆን፥ ሁለቱ ሲገጥሙ የዜማ ዕቃ ማለት ይሆናል። «ዜሜር» የሚለው ቃል ከግእዙ «ዘመረ» ጋራ ሥሩ አንድ ነው፤ አዝማሪ የሚለውም ስም ከዚሁ ይወጣል። ክሌዝሜር መጀመሪያ የመሣሪያው ስም ነበረ፤ ኋላ ግን መሣሪያውን ለሚጫወተው ሰው መጠሪያ ሆነ።

የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ፥ ቤተ መቅደሳቸው በ70 ዓ.ም. ስለ ፈረሰ ለኀዘኑ መታሰቢያ በምኵራባቸው ጸሎት ላይ የሙዚቃ መሣሪያ አያሰሙም ነበር። ሙሽራና ሙሽራይትን ማስደሰት ግን እንደ ትእዛዝ ስለሚቈጠር በሠርግ ላይ ተፈቀደ። ስለዚህ ክሌዝሜሮች ሙሽራይቱን የሚያስለቅሰውን ዜማ፥ ወደ ቃል ኪዳኑ ድንኳን የምትሸኝበትን ዜማ፥ ከዚያም የጭፈራውን ዜማ በየተራው ይጫወቱ ነበር። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ብዙዎቹም የሚማሩት በጆሮ እንጂ በጽሕፈት አልነበረም። ሕዝቡ ሠርግ ያለ እነርሱ እንደማይደምቅ እያወቀ ስማቸውን እንደ ስድብ አድርጎ መጥራቱ የሚያስገርም ነው።

ስቱቼቭስኪ በልጅነቱ ቫዮሊን ጀመረ፥ ኋላም ቼሎን መረጠ። መምህሩ ቼሎ ምን እንደ ሆነ ለልጆች ለማስረዳት ማሲንቆ ቢያሳይ ነገሩ ይቀላል። ሁለቱም የፈረስ ጭራ በተወጠረበት ደጋን እየተፋቁ ይጮኻሉ። ነገር ግን የማሲንቆ አውታር አንድ ነው፥ የቼሎ አራት ነው፤ ቼሎ ሁለንተናው ከእንጨት የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 120 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ተጫዋቹም ተቀምጦ በጕልበቶቹ መካከል ይይዘዋል። ድምፁ ለወንድ ሰው ድምፅ የቀረበ ስለ ሆነ ለጸሎትና ለለቅሶ ዜማ እጅግ ይስማማል።

በ1909 ዓ.ም. ወደ ጀርመን አገር ወደ ላይፕሲግ ሄዶ ዩልዩስ ክሌንግል ከተባለው ስመ ጥሩ መምህር ዘንድ እስከ 1912 ድረስ ተማረ። ከ1914 ጀምሮ ዐሥር ዓመት በስዊስ አገር በዙሪክ ተቀመጠ፤ በ1924 ወደ ቪየና ገባ። በዚያም ሩዶልፍ ኮሊሽ ከሚመራው ከአራቱ የአውታር መሣሪያ ተጫዋቾች ጓድ አንዱ ሆነ። ይህ ጓድ በ1927 የአልባን ቤርግን «ሊሪክ ስዊት» የተባለ ድርሰት መጀመሪያ ለሕዝብ አሰማ፤ ድርሰቱ በዘመኑ ከነበሩት እጅግ አዲስና አስቸጋሪ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነበረ። እዚህ ማዕርግ የደረሰ ሰው የአባቱን የሠርግ ዜማ ቢረሳ ማንም ባልፈረደበት ነበር።

እርሱ ግን አልረሳም። በ1928 በቪየና የአይሁድን ሙዚቃ የሚያስፋፋ ማኅበር ከባልንጀሮቹ ጋራ አቋቋመ፤ በ1935ም ወደ አይሁድ ሙዚቃ ስለ ደረሰበት መንገድ መጽሐፍ አሳተመ። ለቼሎ ተማሪዎችም የመሣሪያውን አያያዝና አጨዋወት በየደረጃው የሚያስተምር መጽሐፍ በብዙ ክፍል ጻፈ።

በጆሮ የተያዘን ዜማ መጻፍ ቀላል ሥራ አይደለም። ጸሐፊው ድምፁ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ፥ ምን ያህልም እንደ ቈየ በኖታ ያመለክታል። ነገር ግን ክሌዝሜሮች ክሬኽት የሚሉት፥ በዜማው መካከል እንደ ልቅሶ ሳግ የሚሰማ ስብራት አለ፤ ይህንንም በወረቀት ላይ የሰፈረ ምልክት ፈጽሞ አይገልጠውም። ስለዚህ የሚጽፈው ሰው ዜማውን ሰምቶ ያደገ ከሆነ ጽሕፈቱ የታመነ ይሆናል። ስቱቼቭስኪ የላይፕሲግን ትምህርትና የሮምኒን ጆሮ በአንድነት ይዞ ነበርና ለዚህ ሥራ የተገባ ሰው ነበረ።

በመጋቢት 1938 የሂትለር ጦር ኦስትሪያን በያዘ ጊዜ ስቱቼቭስኪ ቪየናን ለቆ በስዊስ በኩል በዚያው ዓመት ወደ ፍልስጥኤም ተሰደደ፤ መኖሪያውንም በቴል አቪቭ አደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1941፥ ጀርመኖች ሮምኒን ያዙ፤ በከተማይቱ የቀሩትም አይሁድ ተገደሉ። በምሥራቅ አውሮፓ ሁሉ ዜማውን በጆሯቸው የያዙት ሽማግሎች፥ የሚማሯቸውም ልጆች፥ የሚጫወቱበትም ሠርግ በአንድነት ጠፉ። ካልተጻፈው ዜማ ስንቱ አብሮ እንደ ተቀበረ የሚቈጥረው የለም።

በአዲሲቱ አገር ደግሞ ሌላ ችግር አገኘው። ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ የስደትን ዘመን የሚያሳስብ ነገር ሁሉ እንዲረሳ፥ ዘፈኑም አዲስ እንዲሆን ይወዱ ነበር። ስቱቼቭስኪ ግን ሥር የሌለው አዲስነት አይጸናም የሚል አሳብ ነበረውና የሐሲዲምን ዜማ መሰብሰቡን አልተወም። ሐሲዲም ማለት በ18ኛው መቶ ዓመት በምሥራቅ አውሮፓ የተነሣ የአይሁድ የሃይማኖት ወገን ነው፤ ቃል የሌለበትን ዜማ እንኳ እንደ ጸሎት ይቈጥሩታል። ከእነዚህ ዜማዎች 120 የሚሆኑትን በ1950 በመጽሐፍ አወጣ። ብዙ ዜማዎችንም ለቼሎና ለፒያኖ እያስማማ ደረሰ፤ ከእነዚህም መካከል «ካዲሽ» በሚባለው በሙታን መታሰቢያ ጸሎት ስም የሰየመው ይገኛል።

በ1959 «ክሌዝሞሪም» የተባለውን መጽሐፉን በዕብራይስጥ በኢየሩሳሌም አሳተመ። በዚህም የሠርግ ተጫዋቾቹን ታሪክ፥ ልማዳቸውንና ዜማቸውን አንድ ላይ ጻፈ፤ ቀድሞ እንደ ስድብ ይነገር የነበረውንም ስም የመጽሐፉ ርእስ አደረገው። ስቱቼቭስኪ በተወለደ በ91 ዓመቱ፥ በኅዳር 1982 ዓ.ም.፥ በቴል አቪቭ ዐረፈ።