የማሰሻ ስሪት ማዘመንና የተጠቃሚ አመለካከት፦ ከወረታና ከፎገራ ሜዳ ተጠቃሚ አንጻር

አኅጽሮተ ጥናት

በተለምዶ ብሮውዘር የሚባለው የድረ ገጽ ማሰሻ ወደ አዲስ ስሪት በተዘመነ ቁጥር ተጠቃሚው “ተሻሻለ” ወይም “ተበላሸ” የሚል ፍርድ ይሰጣል። ይህ ጽሑፍ የፍርዱን ምንጭ ይመረምራል። በይፋ የታወቁ የማሰሻ ስሪቶችን ታሪክ ከአማርኛ ፊደል የኮምፒውተር ታሪክ ጋር በማነጻጸር፣ ለማሰሻው የሚሰጠው ምስጋናም ሆነ ወቀሳ ብዙውን ጊዜ ከማሰሻው ውጭ ካሉ ነገሮች እንደሚመነጭ ያሳያል። እነዚህም ፎንት፣ ስርዓተ ክወና፣ የኮምፒውተሩ ቀን እና የኢንተርኔት ግንኙነት ናቸው።

መግቢያ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያቋርጡት የፎገራ ሜዳ በሩዝ ምርቱ ይታወቃል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚሁ ይገኛል። በዚህ አካባቢ የፈተና ውጤት የሚጠባበቅ ተማሪም ሆነ የሥራ ማስታወቂያ የሚያይ ተመራቂ ጉዳዩን የሚፈጽመው በማሰሻ በኩል ነው። በመሆኑም ማሰሻው አልታዘዝ ያለ ዕለት የሚቆመው የዕለቱ ጉዳይ ነው። ተጠቃሚው ጥፋቱን በዝመናው ላይ ከጣለና ዝመናን ጨርሶ ከዘጋ ደግሞ ጉዳቱ ከዚያ ዕለት ያልፋል።

ከሳጥን ወደ ፊደል

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መደብ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ የግእዝ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው ይሠሩ ስለነበር፣ ተመሳሳዩ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ሆኖ ይታይ ነበር። ዩኒኮድ ይህን ቢፈታም ፎንት ማስፈለጉ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የአማርኛ ፎንት አልነበረውም፤ ኒያላ የተሰኘው ፎንት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው።

የአመለካከት መዛባት ጉልህ ሆኖ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 7 በሁለቱም ስርዓተ ክወናዎች ላይ ይሠራ ነበር። በኤክስፒ ላይ ፎንት ሳይጭን ማሰሻውን ብቻ ያዘመነ ሰው በአማርኛው ምትክ ባዶ ሳጥኖች ያያል፤ “ማዘመኑ ከንቱ ነው” ይላል። ቪስታ ያለበትን ኮምፒውተር የገዛ ሰው ግን ፊደሉን አጥርቶ ያያል፤ “አዲሱ ማሰሻ አማርኛ ያነባል” ይላል። ስሪቱ አንድ፣ ፍርዱ ሁለት ነው፤ ልዩነቱን የፈጠረው ፎንቱ ነበር።

ማሰሻው በራሱ ሊመሰገን የሚገባው ድረ ገጾች የራሳቸውን ፎንት ይዘው እንዲመጡ በፈቀደ ጊዜ ነው። ፋየርፎክስ ይህን እ.ኤ.አ. በ2009 በ3.5 ስሪቱ፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ደግሞ በተለመደው የድር ፎንት ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2011 በ9ኛ ስሪቱ አስገብተዋል። ይሁንና ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 9 በኤክስፒ ላይ አይጫንም ነበር።

የስርዓተ ክወና ዕድሜ

ጉግል ክሮም ለኤክስፒና ለቪስታ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 አቁሟል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ከወጣው 110ኛ ስሪት ጀምሮ ደግሞ ቢያንስ ዊንዶውስ 10 ይጠይቃል። ዊንዶውስ 7 ያለበትን ኮምፒውተር የሚጠቀም ሰው 109ኛው ስሪት ላይ ይቆማል። ማሰሻው ለጊዜው እንደ ወትሮው ስለሚሠራ ተጠቃሚው አደጋውን አያስተውልም፤ ከዚያ በኋላ የሚገለጡ የደኅንነት ቀዳዳዎች ግን አይደፈኑለትም።

የሁለት ዘመን አቆጣጠር

ሌላው የስሕተት ምንጭ ቀን ነው። የኮምፒውተሩ የውስጥ ባትሪ ሲያልቅ ሰዓቱና ቀኑ ይጠፋሉ። ተጠቃሚው ዓመተ ምሕረቱን እንደለመደው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካስገባ ኮምፒውተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። የድረ ገጾች የደኅንነት ምስክር ወረቀት ግን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ከ398 ቀን በላይ እንዳይጸና ተገድቧል። ስለዚህ ማሰሻው ወረቀቱ “ገና አልጀመረም” ብሎ ገጹን ያግዳል። እገዳው ከዝመና ማግሥት ከገጠመ ተጠቃሚው የሚወቅሰው አዲሱን ስሪት ነው፤ መፍትሔው ግን ዓመቱን ማስተካከል ብቻ ነው።

የግንኙነት መቋረጥ

ክሮም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 አዲስ ስሪት በየአራት ሳምንቱ ማውጣት ጀምሮ ነበር። በየጊዜው የሚገናኝ ሰው ለውጡን ጥቂት በጥቂት ይለምደዋል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ግን ኮምፒውተሩን በስልክ ዳታ ያገናኝ የነበረ ተጠቃሚ ይህ ዕድል ተነፈገው። በየአራት ሳምንቱ ስሌት አንድ ዓመት ሳይገናኝ የቆየ ኮምፒውተር አሥራ ሦስት ያህል ስሪቶች ያልፉት ነበር። በዚሁ መካከል፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023፣ ክሮም የመልክ ለውጥ እንደሚያደርግ አስታውቆ ነበር። ግንኙነቱ ሲመለስ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ሙሉው መጫኛ ፋይል ከመቶ ሜጋባይት ሊያልፍ ስለሚችልም ከግርታው በላይ ወጪ ይጨመራል። “ዳታዬን በላው” የሚለው ምሬት መሠረት አለው።

መደምደሚያ

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የተጠቃሚው ምሬት እውነተኛ፣ የሚያነጣጥርበት ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ መሆኑ ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤቶችና በኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ቤቶች ማሰሻ ከመወቀሱ በፊት አስቀድሞ ቀኑ፣ ቀጥሎ ስርዓተ ክወናው፣ በመጨረሻም ፎንቱ ቢታይ ብዙው ችግር ይለያል። ወጪውን ለማቃለል ሙሉውን መጫኛ ከአምራቹ ገጽ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ለሌሎች ኮምፒውተሮች ማዳረስ ይቻላል። ዝመናን መዝጋት ግን ቁጠባ አይደለም፤ የተቆጠበው ዳታ በጠፋ የይለፍ ቃል ሊከፈል ይችላል።