«ፓርት ዌይዝ»፦ መለያየትና መሰነባበት

ለዘንድሮው የእንግሊዝኛ ትምህርት ዓምዳችን «ፓርት ዌይዝ» የሚለውን ሐረግ መርጠናል። በተማሪዎች ድርሰትና ማመልከቻ ውስጥ ሲገባ ጸሐፊው ያላሰበውን መልእክት ሊያስተላልፍ ይችላልና።

«ፓርት» መለየት፣ «ዌይዝ» መንገዶች ማለት ነው። ሐረጉ ሦስት ትርጉም አለው።

የመጀመሪያው፣ አብረው የቆዩ መንገደኞች መንገዳቸው ሲለያይ ነው። ምሳሌው እዚሁ ደጃችን ይገኛል። ከጅቡቲ የሚነሳው ባቡር በአሊ ሳቢህና በደወሌ በኩል ወደ ድሬዳዋ ያመራል፤ አብዛኛው የጭነት መኪና ግን በጋላፊ አድርጎ ወደ ሚሌ ይሄዳል። አዋሽ ላይ መልሰው ቢገናኙም፣ እዚህ ሲለያዩ «ፓርት ዌይዝ» ማለት ትክክል ነው።

ሁለተኛው፣ የባልና ሚስት፣ የንግድ ሸሪኮች ወይም የአሠሪና የሠራተኛ ግንኙነት ማብቃቱን ይገልጻል። በስፖርት ዜና «በስምምነት ተለያዩ» እንደምንለው ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ከብሔራዊ ቡድናችን ሲነሱ «ተሰናበቱ» ተባለ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. አሰልጣኝ ውበቱ አባተ ሲለቁ ግን «ተለያዩ» ተባለ። «ተሰናበቱ» አሰናባቹን ያሳያል፤ «ተለያዩ» ግን ማን ማንን እንደተወ አይናገርም። የእንግሊዝኛው ሐረግም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛው፣ በአንድ ጉዳይ ላይ በሐሳብ መለያየት ነው።

ችግር የሚፈጠረው የመጀመሪያውና ሁለተኛው ሲደባለቁ ነው። በአማርኛ «ተለያየን» ስንል ማታ ተሰነባብተን ወደየቤታችን መግባታችንም፣ ጓደኝነታችን ማብቃቱም ሊሆን ይችላል። በከተማችን የምንሰማው ፈረንሳይኛም «ኑ ኑ ሶም ኪቴ» ሲል ሁለቱንም ይይዛል። በእንግሊዝኛው ግን ይህን ልብ በሉ፦ «ባቡር ጣቢያው ላይ» ተብሎ ቦታው ከተጠቀሰ አንባቢ መንገድን ያስባል፤ ቦታ ካልተጠቀሰ ግንኙነቱ እንዳበቃ ይረዳል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በመካከላችን አባት እዚህ ወደብ ላይ ሲሠራ እናትና ልጆች ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ የሚኖሩባቸው ቤተሰቦች አሉ። ልጁ «አባቴና እናቴ ፓርት ዌይዝ አደረጉ» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው ተፋቱ ብሎ ይረዳል። ለቤተሰቡ ሲል በሙቀቱ የሚደክመው አባት በልጁ ድርሰት ውስጥ ትዳሩን ያፈረሰ ሰው ሆነ ማለት ነው። አባቱ በሥራ ምክንያት ሌላ አገር እንደሚኖር በግልጽ መጻፍ ይሻላል። በማመልከቻም «ከትምህርት ቤቴ ጋር ፓርት ዌይዝ አድርጌያለሁ» የሚል ተመራቂ ተጣልቶ የወጣ ይመስላል፤ «ግራጁዌትድ» የሚለው ቃል ይበቃዋል።

ሰዋስውን በተመለከተ፣ በዚህ ሐረግ «ዌይዝ» ሁልጊዜ በብዙ ቁጥር ይጻፋል፤ የተለየነውን ሰው ስንጠቅስ «ዊዝ» ይከተለዋል። «ዌይዝ» ወጥቶ «ፓርት ዊዝ» ብቻ ከሆነ ግን ትርጉሙ ይለወጣል፤ ገንዘብን ወይም የሚወዱትን ዕቃ መልቀቅ ማለት ይሆናል። «ፓርት ፍሮም» ደግሞ ከሚወዱት ሰው መለየትን ይገልጻል፤ የግድ ለዘለዓለም ማለት አይደለም።

መልመጃ፦ የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፤ ሐረጉ የሚስማማው ለየትኞቹ እንደሆነ ከነምክንያቱ ጻፉ።

1. ሁለቱ ነጋዴዎች ሱቁን ተካፍለው ተለያዩ።
2. አያቴን ናጋድ ጣቢያ ተሰናበትኋቸው።
3. መንታ መንገዱ ላይ ስንደርስ ተለያየን።
4. ዘንድሮ ተመርቀን ትምህርት ቤታችንን ተሰናበትን።

ተመራቂዎቻችን አራተኛውን በትክክል እንደሚመልሱት እንተማመናለን።