ያገለገለ የናፍታ ላንድ ክሩዘር ለሚገዛ ነጋዴ፤ ስለ ጉዳቱና ስለ ጥገናው ወጪ የቀረበ ትምህርት

በመስቃንና በቡታጅራ፣ እንዲሁም በወልቂጤና በአካባቢዋ የሚኖር ነጋዴ ንግዱ ሲሰፋለትና የእቁቡ ዕጣ ሲወጣለት በመጀመሪያ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ ጠንካራ የናፍታ መኪና መግዛት ነው። ይህ ምኞት የሚነቀፍ አይደለም። በርበሬን ከየገጠሩ ገበያ ለመሰብሰብ፣ ደንበኛን በጊዜው ለመጐብኘት፣ የክረምቱን ጭቃ ለማለፍ እንዲህ ያለው መኪና ታላቅ ረዳት ነው። ይሁን እንጂ መኪናው ለንግዱ አገልጋይ መሆኑ ቀርቶ ንግዱ ለመኪናው አገልጋይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይኸውም ገዥው የመግዣውን ዋጋ ብቻ አስቦ የጥገናውን ወጪ ሳያስብ የቀረ እንደ ሆነ ነው።

ነገሩ በዛሬው ጊዜ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ስለ ሆነ ምክንያቱን በአጭሩ መግለጽ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አማካይነት ያገለገሉና የቆዩ መኪኖች ከባድ ታክስ ተጣለባቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚህ የተነሣ ቀድሞ የገባው የናፍታ መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ዕድሜው ይረዝማል፤ ጉዳቱም ከባለቤት ወደ ባለቤት አብሮ ይተላለፋል።

1ኛ፤ የሞተሩን ዐይነት ስለ መለየት

በአገራችን ገበያ «ላንድ ክሩዘር» ወይም «ፕራዶ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ስሙ አንድ ሲሆን ሞተሩ ግን ይለያያል፤ የጥገናውም ወጪ የሚወሰነው በስሙ ሳይሆን በሞተሩ ነው።

አንደኛው «ዋን ኤች ዜድ» የተባለው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ ሞተር ነው። ቱርቦ የለውም፤ ፍጥነቱም መጠነኛ ነው። ነገር ግን ናፍታውን የሚረጨው በቀድሞው ሜካኒካዊ ፓምፕ ስለ ሆነ በማንኛውም ከተማ የሚገኝ ጥሩ መካኒክ ሊጠግነው ይችላል። ሁለተኛው በቀድሞዎቹ ፕራዶዎች ላይ የሚገኘው «ዋን ኬ ዜድ» የተባለው ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2,982 ሲሲ ባለ ቱርቦ ሞተር ነው። ሦስተኛው ከእርሱ በኋላ የመጣው «ዋን ኬ ዲ» ሲሆን፣ መጠኑ እኩል ቢሆንም ናፍታውን በኮምፒዩተር ትእዛዝ ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫል። አራተኛውና ከሁሉ ኀይለኛው፣ ሕዝቡ «ቪ ኤይት» እያለ የሚጠራው ባለ 8 ሲሊንደር፣ 4,461 ሲሲ «ዋን ቪ ዲ» ሞተር ነው። ይህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ 200 ተብሎ በሚጠራው የላንድ ክሩዘር ዐይነት ላይ ሁለት ቱርቦ ተገጥሞለታል።

እንግዲህ ገዥው የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ይሸጣል?» ሳይሆን «ሞተሩ የትኛው ነው?» ሊሆን ይገባዋል።

2ኛ፤ ዘወትር የሚታዩ ጉዳቶች

(ሀ) የኢንጄክተር ጉዳት። በ«ዋን ኬ ዲ» እና በ«ዋን ቪ ዲ» ላይ ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ የሚበላው ይህ ነው። ኢንጄክተሩ እጅግ ረቂቅ በሆነ ቀዳዳ ናፍታውን ስለሚረጭ ውሃና ቆሻሻ ጠላቶቹ ናቸው። በበርሜልና በጀሪካን ተቀምጦ የሚሸጥ ናፍታ ደግሞ ከሁለቱ የጸዳ መሆኑን ማንም ዋስ ሊሆንለት አይችልም። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ከመንገድ ዳር የተገዛ አንድ ጀሪካን ናፍታ የኢንጄክተሮቹን ዕድሜ በአንድ ቀን ሊጨርስ ይችላል።

በ«ዋን ኬ ዲ» ላይ ሌላ የተሰወረ ጉዳት አለ። ከኢንጄክተሩ ሥር የሚቀመጠው የመዳብ ሮንዴላ ሲያረጅ የተቃጠለው ጋዝ ሾልኮ ከሞተሩ ዘይት ጋር ይደባለቃል። ዘይቱም ይጠቁራል፤ ዝቃጭ ይሠራል፤ ዝቃጩም በሞተሩ ግርጌ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል። በዚህ ጊዜ ዘይት ወደ ላይ መውጣቱን ስለሚያቆም ኩሽኔታዎቹ ይበላሉ፤ ሞተሩም ይነክሳል። ዋጋው እጅግ ጥቂት የሆነ ሮንዴላ በጊዜው ባለመለወጡ ሙሉ ሞተር ይጠፋል ማለት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

(ለ) የሙቀትና የቴስታታ ጉዳት። «ዋን ኬ ዜድ» ሞተር ሙቀት ሲበዛበት ቴስታታው የሚሰነጠቅ በመሆኑ የታወቀ ነው። የአገራችን ከፍታ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ቡታጅራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስለ ሆነች በዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አጥብቆ ሲይዝ የሞተሩ ውሃ እስከ 110 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ የላላ እንደ ሆነ ግን ውሃው ፈጥኖ ይፈላል፤ በእንፋሎት ይወጣል፤ ውሃ ያጣው ቴስታታ ይሰነጠቃል፤ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። ከወልቂጤ ወደ ጊቤ በረሃ ወርዶ ተጭኖ የሚመለስ መኪና ይህን ጉዳት በዳገቱ ላይ ይገልጠዋል።

(ሐ) የአቧራ ጉዳት። በበጋ ወራት በጠጠር መንገድ የሚሄድ መኪና አየር ብቻ ሳይሆን አቧራም ይስባል። የአየር ፊልትሮው በትክክል ያልተገጠመ ወይም ከርካሽ ሱቅ የተገዛ እንደ ሆነ ረቂቁ አቧራ ወደ ውስጥ ገብቶ የቱርቦውን ምላጭ፣ ፋሻውንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የ«ቪ ኤይት» ሞተር የአየር ፊልትሮ ቤት በዚህ ረገድ በአውስትራሊያ ባለ መኪኖች ዘንድ ብዙ ወቀሳ የቀረበበት ስለ ሆነ፣ ገዥው ፊልትሮውን አውጥቶ ከበስተ ውስጥ በኩል ያለውን ቱቦ በነጭ ጨርቅ መጥረግ ይኖርበታል። ጨርቁ አቧራ ካነሣ መኪናውን መተው ይሻላል።

(መ) የታይሚንግ ቺንጋ። ከ«ቪ ኤይት» በቀር ከላይ የተጠቀሱት ሞተሮች ሁሉ በቺንጋ ይሠራሉ። ቺንጋውም እንደ ሞተሩ ዐይነት ከ100,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ መለወጥ አለበት። የተበጠሰ እንደ ሆነ ቫልቮቹን ከፒስቶኑ ጋር አጋጭቶ ሞተሩን ያበላሻል። ሻጩ መቼ እንደ ተለወጠ በደረሰኝ ማስረዳት ካልቻለ፣ እንዳልተለወጠ ቈጥሮ ወጪውን ከዋጋው ላይ መቀነስ ተገቢ ነው።

(ሠ) የቱርቦ ጉዳት። በቡታጅራ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለ ሆነ ቱርቦ ያለው መኪና በዳገት ላይ ብልጫ አለው፤ ቱርቦውም በዚያው ልክ ይደክማል። ሾፌሩ ረዥም ዳገት ወጥቶ እንደ ቆመ ወዲያውኑ ሞተሩን የሚያጠፋ ከሆነ የጋለው ዘይት በቱርቦው ውስጥ ይከስላል። ሰማያዊ ጭስና እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ የዚህ ምልክቶች ናቸው። በ«ቪ ኤይት» ላይ ቱርቦዎቹ ሁለት መሆናቸውንም መዘንጋት አይገባም።

3ኛ፤ የወጪው አቈጣጠር

የመለዋወጫ ዕቃ ዋጋ በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ስለ ሆነ ዛሬ የተጻፈ ዝርዝር ነገ ያረጃል። ስለዚህ ነጋዴው ዋጋውን ሳይሆን የአቈጣጠሩን ዘዴ ቢያውቅ ይሻለዋል። ለሒሳብ ያህል አንዱ ኢንጄክተር በውጭ አገር 400 ዶላር ነው እንበል። ለፕራዶው 4 ኢንጄክተር 1,600 ዶላር፣ ለ«ቪ ኤይት» 8 ኢንጄክተር 3,200 ዶላር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንዱ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለ ነበረ ወጪው 91,200 ብርና 182,400 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ዶላሩ ከ120 ብር በላይ ሆነ። በ120 ብር ብቻ ቢቈጠር እንኳ ያው ዕቃ 192,000 ብርና 384,000 ብር ይሆናል። ይህም ቀረጡ፣ የአስመጪው ትርፍና የመካኒኩ የእጅ ዋጋ ሳይጨመር ነው።

አሁን አንድ የቡታጅራ የበርበሬ ነጋዴ በምሳሌ እንውሰድ። የእቁቡን ገንዘብ ይዞ ሁለት «ቪ ኤይት» መኪኖች ቀረቡለት እንበል። አንደኛው የጥገና መዝገብ ያለውና በመካኒክ የተመረመረ ነው፤ ሁለተኛው መዝገብ የለውም፤ ነገር ግን በ300,000 ብር ይረክሳል። ነጋዴው ርካሹን ገዛ። በሁለት ወር ውስጥ ኢንጄክተሮቹ ተበላሹ። ያተረፈው የመሰለው 300,000 ብር ጠፍቶ ሌላ 84,000 ብር ከኪሱ ወጣ። ከዚህም የሚከፋው በርበሬ በሚደርስበት በኅዳርና በታኅሣሥ መኪናው ጋራዥ ውስጥ ቆሞ፣ ለበርበሬ መግዣ የታሰበው ጥሬ ገንዘብ ለመለዋወጫ መዋሉ ነው። ያ ገንዘብ በዚያ ወራት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊገለበጥ ይችል ነበር። እቁቡ ግን አይጠብቅም፤ ሳምንት በደረሰ ቍጥር ይከፈላል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የሚከተለው ደንብ ይጠቅማል። ነጋዴው ለመኪና ከመደበው ገንዘብ አራት አምስተኛውን ብቻ ለመግዣ ያውል፤ አንድ አምስተኛውን ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ለይቶ ያስቀምጥ። ይህን ለማድረግ ገንዘቡ ካልበቃው ሞተሩን ዝቅ ያድርግ እንጂ መጠባበቂያውን አይንካ። ለገጠር ገበያ ሥራ «ዋን ኤች ዜድ» ሞተር ያለው መኪና ከ«ቪ ኤይት» ክብሩ ቢያንስም ለባለቤቱ እንቅልፍ ይሰጠዋል።

4ኛ፤ ከመግዛት በፊት ስለሚደረግ ምርመራ

ምርመራው በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሣ መደረግ አለበት። ልምድ ያለው መካኒክ ለገዥው እንዲህ ሊለው ይችላል፦

«ጋሼ፣ አስቀድመው እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያኑሩ፤ ሞቆ ካገኙት ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነው።»

«ቢያስነሣው ምን ይጐዳኛል፣ ልጄ?»

«የጠዋቱን ጭስና ድምፅ ደብቆብዎታል፣ ጋሼ። ነገ በሌላ ሰዓት እንምጣ ይበሉት።»

ከዚህ በኋላ የራዲያተሩ ክዳን በቀዝቃዛው ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሣ ውሃው አረፋ የሚያወጣ መሆኑ ይታያል፤ አረፋ ካወጣ ጋዝ በቴስታታው በኩል እያለፈ ነው። የዘይቱ ክዳን ውስጥ እንደ ወተት የነጣ ቅባት ከተገኘ ውሃ ከዘይት ጋር ተደባልቋል። ከዚያም በኮምፒዩተር የእያንዳንዱ ኢንጄክተር አሠራር ይነበባል፤ ከየኢንጄክተሩ የሚመለሰውም ናፍታ ተለክቶ እርስ በርሱ ይነጻጸራል። በመጨረሻም መኪናው ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ (ባቱ) ቍልቍለት ወርዶ ዳገቱን ይመለስ። ለዚህ ምርመራ የሚከፈለው ዋጋ ከአንድ ኢንጄክተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

5ኛ፤ ስለ ሰነድ

የሞተሩ ደኅንነት ብቻውን አይበቃም። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተርና የሻንሲ ቍጥር በመኪናው ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉ፣ መኪናው በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት እግድ አለመያዙ መረጋገጥ አለበት። በተለይም ከእርዳታ ድርጅትና ከኤምባሲ የሚወጣ መኪና ከቀረጥ ነጻ የገባ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀረጡ መከፈሉን የሚያስረዳ ሰነድ ሳይታይ ገንዘብ መስጠት አደጋ ነው። ከሱማሌ ተራ መለዋወጫ ሲገዛም ደረሰኝ መቀበል ለሒሳብ መዝገብም ሆነ ወደፊት መኪናውን ለመሸጥ ይረዳል።

ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ለማሠራት በ1950ዎቹ የአገሩ ሕዝብ ማኅበር አቋቁሞ ከኪሱ ገንዘብ እያዋጣ እንደ ደከመ ይታወቃል። ያ መንገድ የተሠራው በሒሳብና በቍጠባ ነው። በመንገዱ ላይ የሚሄደውም መኪና በዚያው ሒሳብና ቍጠባ ሊገዛ ይገባዋል። መኪና የነጋዴን ክብር የሚገልጠው በኮፈኑ ላይ በተጻፈው ስም ሳይሆን፣ በገበያ ቀን በሰዓቱ ከገበያው በመድረሱ ነው።