የወርቅ ብራስሌት እጃችሁን ሲያሳክካችሁ

ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ወርቅ አለርጂ ያመጣል እንዴ? ያ የተገመደውን ብራስሌት ሳደርግ እጄ ይቀላል፣ ያሳክከኛል።»

አጭሩ መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የወርቁ ሳይሆን ከወርቁ ጋር የተቀላቀለው ብረት ነው፤ በተለይ ኒኬል።

ንጹህ (24 ካራት) ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ ከመዳብ፣ ከብር፣ አንዳንዴም ከኒኬል ጋር ይቀላቀላል። 21 ካራት 87.5%፣ 18 ካራት 75% ወርቅ ነው፤ ቀሪው ሌላ ብረት ነው። ላብ ኒኬሉን እያሟሟ ከቆዳ ጋር ያገናኘዋል። ሽፍታው የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ስለሆነ ሰው ብራስሌቱን አይጠረጥርም።

ሽፍታው የት ነው?
• መቆለፊያው ስር ብቻ ከሆነ፦ መቆለፊያው ወይም ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ከሌላ ብረት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ወርቅ ሠሪ ይቀይርላችሁ።
• ዙሪያውን ከሆነ፦ ቅቡ ለቆ ከስር ያለው ብረት ወጥቶ ይሆናል። ወይም በግምዱ መሃል ሳሙናና እርጥበት ተጠራቅሞ ቆዳውን እያስቆጣው ነው፤ ይሄኛው አለርጂ አይደለም።

ስትገዙ
• ማኅተሙን እዩ፦ 875 ማለት 21 ካራት፣ 750 ማለት 18 ካራት ነው።
• ነጭ ወርቅ ከሆነ «ኒኬል አለው?» ብላችሁ ጠይቁ።
• አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው።

ስትይዙት
• ለብ ባለ ውሃ፣ በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ግምዱን ተከትላችሁ እጠቡት፤ አለቅልቃችሁ በደንብ አድርቁት።
• በረኪና አታስነኩት። ዕቃና ልብስ ስታጥቡ አውልቁት።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ! ቆዳ የሚያቀላ ክሬም መጠቀም ከጀመራችሁ በኋላ ወርቃችሁ ነጣ ነጣ ካለ፣ ክሬሙ ውስጥ ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ሜርኩሪ ከወርቅ ጋር ስለሚዋሃድ መልኩን ይቀይረዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ክሬሙ ላይ «ከወርቅና ከብር ጌጥ አታነካኩ» የሚል ጽሑፍ ካለ ሜርኩሪ እንዳለው ሊጠቁም ይችላል ይላል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጽንሱንም ያሰጋል። ወርቁን ለማስወልወል ከመሮጣችሁ በፊት ክሬሙን አቁሙና ሐኪም ጋር ሂዱ።

ሽፍታ ከወጣባችሁ መጀመሪያ ብራስሌቱን አውልቁ። ከፋርማሲ በራሳችሁ ቤታሜታዞን ገዝታችሁ ለወራት አትቀቡ፤ ምልክቱን ደብቆ ቆዳችሁን ያሳሳል። ውሃ ከቋጠረ፣ መግል ከያዘ ወይም እየሰፋ ከሄደ ታዩ። እጃችሁ ካበጠ ወይም ከተቃጠለ ደግሞ ሳይጠብቅ ቶሎ አውልቁት።

ለምትወዱት ሰው አጋሩት። ጤና ይብዛላችሁ!