ቦዝ አንቀጽና የድርጊት ቅደም ተከተል

በአማርኛ ተከታታይ ድርጊቶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገለጹ፣ ቀዳሚዎቹ በቦዝ አንቀጽ፣ የመጨረሻው በማሰሪያ አንቀጽ ይነገራሉ። ቦዝ አንቀጾቹ የሚሰለፉት ድርጊቶቹ በተፈጸሙበት ተራ ነው። ተራው ቢዛነፍ በተረት ላይ ሳቅ ያስነሣ ይሆናል፤ ለታመመ ሕፃን በሚጻፍ መመሪያ ላይ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው።

ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ፣ በአልዌሮ ወንዝ አካባቢ የምትገኘው አቦቦ ወባ የሚበረታባት ቆላ ናት። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከሰሜን በሰፈራ ወደዚያ የተወሰዱት ደገኞች ወባን ያልለመዱ ስለ ነበሩ ክፉኛ ተጠቅተዋል። እንዲህ ባለው ስፍራ ሕፃናትን ከወባ ሌላ ተቅማጥም ይፈታተናቸዋል።

ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ከውሃ ጋር ሶዲየምና ፖታሲየም የተባሉትን ጨዎች ያጣል። ፖታሲየም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፤ የልብ ምትም ይዛባል። በጤና ጣቢያ የሚታደለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እነዚህን ጨዎችና ግሉኮስ ይዟል። ግሉኮሱ ለማጣፈጫ የገባ አይደለም፤ አንጀት ጨውን፣ ከጨውም ጋር ውሃን እንዲመጥ ይረዳል እንጂ።

ሀ. ውሃውን አፍልታችሁና አቀዝቅዛችሁ፣ አንድ ሊትር ለክታችሁ፣ የአንዱን ከረጢት ዱቄት በሙሉ በጥብጣችሁ፣ ለሕፃኑ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ስጡት።

ለ. ዱቄቱን በውሃ በጥብጣችሁ፣ አፍልታችሁና አቀዝቅዛችሁ ስጡት።

ሁለቱም በሰዋስው ረገድ እንከን የለባቸውም። በ«ለ» መሠረት የሠራች እናት ግን ልኩ ስላልተነገራት ውሃ ልታሳንስ ትችላለች፤ ብጥብጡ ሲፈላም ውሃው እየተነነ ጨውነቱ ይበረታል።

ጽኑ ወባ ደግሞ የደምን ስኳር ያሽቆለቁላል። የሕፃን ጉበት የሚያከማቸው ስኳር ጥቂት ነው፤ የታመመ ሕፃንም አይበላም። ስኳሩ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ40 ሚሊ ግራም ሲያንስ ሕፃኑ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱንም ይስታል። ይህ ሁሉ የወባው ሥራ ብቻ ስለሚመስል የስኳሩ ማነስ ሳይታወቅ ይቀራል።

ሐ. ሕፃኑ ራሱን ከሳተ ምንም አታጠጡት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥቂት ጠብታ ውሃ አርጥባችሁ፣ ከምላሱ ሥር አድርጋችሁ፣ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መንገዱ ረጅም ከሆነ ስኳሩን በየ20 ደቂቃው ደግሙለት።

«ከሳተ» የሚለውን አስተውሉ። ይህ ቃል ከወጣ፣ ነቅቶ መጠጣት የሚችለውም ሕፃን መጠጥ ይከለከላል።

መልመጃ

1. በ«ሀ» እና በ«ሐ» ያሉትን ቦዝ አንቀጾች ከማሰሪያ አንቀጾቹ ለይታችሁ ጻፉ።
2. «ለ»ን ልክና ተራ ጨምራችሁ አቃኑ።
3. ጤና ጣቢያ ለራቃት እናት የሚነበብ የስምንት መስመር መመሪያ ጻፉ።